ስስ ነገር ሁሉ ደካማ ነው?

ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትጓዙ መንገድ ላይ ጉንደ ወይንን ታገኛላችሁ። አካባቢው የብራና አገር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስም፣ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩባት መርጡለ ማርያምም እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ናቸው።

ብራና እንዴት ይሠራል? የፍየል ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ እስኪሳሳ ድረስ ይፋቃል። ታዲያ ሲሳሳ አይደክምም ወይ? እስቲ እናስላው። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ ሲጎትቱት የመቻል አቅሙም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አልታጠፍም ባይነቱ ግን ወደ 1/8 ይወርዳል! ከሚያጣው ጥንካሬ የሚያገኘው ልስላሴ ይበልጣል ማለት ነው። ገጹ ሳይሰነጠቅ የሚገለጠው ለዚህ ነው።

ቋንቋችንም ይህን የሚያውቅ ይመስላል። «ስስ ጎን» ስንል ድክመትን ነው። ከግእዝ የወረስነው «ረቂቅ» ግን «ቀጭን» ከማለት ተነሥቶ የማይዳሰሰውን፣ የ«ግዙፍ»ን ተቃራኒ ሁሉ ሰየመ፤ ዛሬ ረቂቅ ሕግ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን እንላለን። «ሳሳ»ስ? ቆዳው ሳሳ እንላለን፤ እናትም ለልጇ ትሳሳለች። አንዱ መቅጠን ነው፣ ሌላው እንዳይጎዳብኝ ብሎ መስጋት።

የድሮ ብራና ካጋጠማችሁ እናንተም ሳሱለት፤ እሳትና እርጥበት ካልነኩት፣ ያ ስስ ገጽ ዘመናትን ይሻገራል።