68 ኤከር መሬትና አንዲት መንደር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቁራጭ መሬት ነው። አሜሪካ ውስጥ ቤት የገዛ፣ ሱቅ የከፈተ፣ ምግብ ቤት ልክፈት ብሎ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሰው አብዛኛው፣ ይወቀውም አይወቀው፣ በዚያ መሬት ሰበብ በተሰጠ ፍርድ ሥር ይኖራል። ቦታው ኦሃዮ ነው፤ ከክሊቭላንድ ከተማ በስተምሥራቅ፣ በኢሪ ሐይቅ ዳር። ስፋቱ 68 ኤከር፣ በእኛ ልኬት 27 ሄክታር ተኩል ያህል ይሆናል። የመሬቱ ጌታ አምብለር ሪልቲ የሚባል የክሊቭላንድ መሬት ነጋዴ ኩባንያ ነበር። መሬቱ ያለባት መንደር ዩክሊድ ትባላለች። ቀኖቹንና ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

መንደሯን በዚህ ስም የጠሯት መሬት ለኪዎች ናቸው። በ1796 ከሞዝስ ክሊቭላንድ ጋር ያንን አገር ሊቀይሱ የመጡት ሠራተኞች፣ ከያዙት መሬት አንዱን የሙያቸው አባት በሆነው በግሪካዊው የጂኦሜትሪ ሊቅ በዩክሊድ ስም ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዩክሊድ የገበሬና የወይን ተክል አገር ሆና በዝምታ ኖረች።

ዝምታውን የሰበረችው ጎረቤቷ ክሊቭላንድ ናት። ብረት ቀለጠባት፣ መኪና ተገጣጠመባት፤ በ1920 በሕዝብ ብዛት ከአሜሪካ ከተሞች አምስተኛ ሆነች። ከመሐል ከተማ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው ዩክሊድ ጎዳና፣ እነ ጆን ሮክፌለር መኖሪያቸውን የሠሩበት የባለጸጎች ሰፈር ነበር። ከተማዋ እያበጠች ስትሄድ ግን ንግዱና ፋብሪካው ያንኑ ጎዳናና የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ይገሰግስ ጀመር። ዩክሊድ መንደር ደግሞ በትክክል እዚያ መንገድ ላይ ተቀምጣለች።

አምብለር ይህን አስቀድሞ አይቷል። ከ1911 ጀምሮ እዚያ መሬት እየገዛ ያጠራቅም ነበር። መሬቱን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። በደቡብ በኩል 1,800 ጫማ፣ ማለት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ዩክሊድ ጎዳና ላይ ተዘርግቷል። በሰሜን በኩል ጀርባውን ለኒክል ፕሌት የባቡር ሐዲድ ሰጥቷል። ፊቱ ዋና ጎዳና፣ ኋላው ሐዲድ! ለፋብሪካ የሚሆን ቦታ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ኩባንያው የሚያርስበት ወይም የሚኖርበት አልነበረም፤ ቀኑ ሲደርስ ለኢንዱስትሪ በጥሩ ዋጋ ሊሸጠው ይጠብቅ ነበር።

መንደርተኛው ግን የሚጠብቀው ሌላ ነው። የዩክሊድ ነዋሪ ያኔ ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ቢገመት ነው። ብዙው ከክሊቭላንድ ጭስና ጫጫታ ሸሽቶ የመጣ፣ ጓሮ ያለው ቤት ሠርቶ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው። ክሊቭላንድ ላይ ያየው ነገር በሩ ድረስ ሲመጣበት ፈራ። ኒውዮርክ በ1916 ከተማዋን በሙሉ በቀጠና የከፋፈለ ደንብ አውጥታ ስለነበር፣ ጄምስ ሜትዘንባውም የሚባል የዩክሊድ ነዋሪና ጠበቃ ለመንደሯም እንዲህ ያለ ደንብ የማዘጋጀቱን ሥራ ከፊት ሆኖ መራ። ኅዳር 13 ቀን 1922 የመንደሩ ምክር ቤት ደንቡን አጸደቀ።

ደንቡ መሬቱን ሁሉ በስድስት ደረጃ ከፈለው። አንደኛው ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ነው። ሁለተኛው ሁለት ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት ይጨምራል። ሦስተኛው ላይ አፓርታማ፣ ሆቴል፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ይፈቀዳል። አራተኛው ላይ ሱቅ፣ ባንክና ቢሮ ይመጣል። እንዲህ እያለ ወርዶ ስድስተኛው ጋ ሲደርስ ፋብሪካው፣ የቆሻሻ ማቃጠያው፣ እስር ቤቱ፣ መቃብሩም ሳይቀር አብረው ይቀመጣሉ። አሁን እርሳሱ በአምብለር መሬት ላይ ሲያልፍ ተመልከቱ። ከዩክሊድ ጎዳና ተነሥቶ ወደ ውስጥ 620 ጫማ ድረስ ያለው ለአንድና ለሁለት ቤተሰብ መኖሪያ ብቻ ሆነ። ቀጥሎ ያለው 130 ጫማ ለአፓርታማና ለመሰሎቹ ተፈቀደ። ፋብሪካ የሚቆመው ከዚያ ወዲያ፣ ሐዲዱ ሥር ባለው ክፍል ነው።

አምብለር ያቀረበው ስሌት ይህ ነበር፦ መሬቱ ለኢንዱስትሪ ቢሸጥ ኤከሩ 10 ሺህ ዶላር ያወጣል፤ ለመኖሪያ ብቻ ከተባለ ግን ከ2,500 አይዘልም። ጎዳናው ፊት ለፊት ያለው ደግሞ ለንግድ ቢሆን በጫማ 150 ዶላር ሲያወጣ፣ ለመኖሪያ ከሆነ 50 ዶላር ነው። ማንም መሬቱን አልወሰደበትም፤ አጥሩንም አልነካበትም። አንድ ወረቀት ላይ መስመር ስለተሰመረ ብቻ ከኤከሩ ዋጋ ከአራት እጅ ሦስቱ ሄደ ማለት ነው። ካሣም የለም። ኩባንያው በከንቱ አልተቆጣም እላለሁ። ዓመታት ገንዘቡን አስሮ የጠበቀ ነጋዴ፣ ሊሸጥ ሲል «ይህማ ለመኖሪያ ነው» ቢባል የማይከፋው የለም።

ዛሬ ቢሆን ባለንብረቱ ማመልከቻ ይዞ፣ «ቀጠናው ይለወጥልኝ፤ መኖሪያ የተባለውን ለንግድ አድርጉልኝ» ብሎ የመንደሩን ምክር ቤት ይለምናል። አምብለር ግን የግንባታ ፈቃድ እንኳ ሳይጠይቅ በቀጥታ ፌዴራል ፍርድ ቤት ገባ። ደንቡ ከሥሩ ይነቀል፣ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ጠበቃውም ተራ ሰው አልነበረም። የክሊቭላንድ ከንቲባ፣ ኋላም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር የነበረው ኒውተን ቤከር ነበር።

የመጀመሪያው ዳኛ ዴቪድ ዌስተንሄቨር ይባላል። ወጣት ሳሉ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ከቤከር ጋር በአንድ የጥብቅና ቢሮ አብረው ሠርተዋል። በጥር 1924 ለአምብለር ፈረደ። ይህን ፍርድ ብዙ ሰው የተሸነፈ ፍርድ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ቆም እንድትሉበት እፈልጋለሁ። ዳኛው፣ የዚህ ደንብ ውጤት ሰውን በገቢውና በኑሮ ደረጃው ከፋፍሎ ማስቀመጥ ነው አለ። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በ1917፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሉዊቪል ከተማ ጥቁርና ነጭን በሰፈር የለየችበትን ደንብ ሽሮ ነበር። ዌስተንሄቨር ያንን ፍርድ ጠቅሶ፣ በዘር መለየት ካልተቻለ ይህኛው እንዴት ይቻላል ሲል ጠየቀ። ነገሩ የአምብለር ዶላር ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ ያየው እሱ ነው።

መንደሯ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኝ አለች። ጥር 27 ቀን 1926 ዋሽንግተን ላይ ክርክሩ ተሰማ። በአንድ ወገን የቀድሞው የጦር ሚኒስትር ቆሟል፤ በሌላው ወገን የመንደሯ ጠበቃ ሜትዘንባውም። ክርክሩ አልቆ ሜትዘንባውም በባቡር ወደ ክሊቭላንድ ይመለሳል። ውጭው የበረዶ ውሽንፍር ነው። ሰውየው እንቅልፍ የለውም፤ ቤከር ችሎት ላይ የተናገረው ነገር መልስ ሳያገኝ መቅረቱ ያንገበግበዋል። የመንደሩ ሰው ሁሉ አደራ እሱ ላይ ነው። ባቡሩ በረዶውን እየሰነጠቀ ሲጓዝ፣ ወረቀት አውጥቶ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ቴሌግራም ጻፈ፤ ተጨማሪ የጽሑፍ መልስ ላቅርብ፣ ይፈቀድልኝ ሲል ጠየቀ። ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ መልእክቱ ከዚያው መንገድ ላይ ተላከለት። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ታፍት ነበር፤ ከ1909 እስከ 1913 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ታፍት። ፈቀደለት። አንድ የመንደር ጠበቃ፣ በበረዶ መሐል፣ ለቀድሞው የአገር መሪ ቴሌግራም ጽፎ መልስ ማግኘቱ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ፍርድ ቤቱም ክርክሩ እንደገና ይሰማ አለ። በዚህ መሐል አልፍሬድ ቤትማን የሚባል የሲንሲናቲ ጠበቃ፣ ከተከራካሪዎቹ ወገን ሳይሆን ለከተማ ፕላን ባለሙያዎች ቆሞ ሐሳቡን በጽሑፍ አቀረበ። ፕላን ማለት ለጎረቤት ጭስ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ ማኅበረሰቡ የጋራ ኑሮውን አስቀድሞ የሚያደራጅበት መንገድ ነው አለ። ጥቅምት ላይ ክርክሩ ተደገመ። ኅዳር 22 ቀን 1926 ፍርዱ ወጣ፤ ስድስት ለሦስት፣ ለመንደሯ።

ፍርዱን የጻፈው ጆርጅ ሰዘርላንድ ነው። ይህ ሰው ንብረትን ከመንግሥት እጅ በመጠበቅ የታወቀ ዳኛ ነበር። ቢሆንም፣ የከተማ ኑሮ ተለውጧልና ሕጉም አብሮ ይለወጥ አለ። አሳማ በረት ውስጥ ቢሆን ክፋት የለውም፤ ሳሎን ሲገባ ግን ችግር ነው፤ ፋብሪካም ከሰው መኖሪያ መሐል እንደዚያው ነው አለ። እስከዚህ ድረስ እኔም ከሰዘርላንድ ጋር ነኝ። ልጆች በሚያድጉበት ሰፈር የቆሻሻ ማቃጠያ እንዳይተከል ጎረቤት ድምፅ ሊኖረው ይገባል። ካርታዬ ነው፣ መሬቴ ነው ያለ ሁሉ ያሻውን ቢያደርግ ከተማ የሚባል ነገር አይኖርም።

ሰዘርላንድ ግን በዚህ አላበቃም። አፓርታማን ጥገኛ ብሎ ጠራው፤ ሌላው ባሳመረው ሰፈር ገብቶ አየሩንና ፀሐዩን የሚሻማ አድርጎ ሳለው። እዚህ ላይ ነው የምለየው። አፓርታማ ውስጥ የሚኖረው በአብዛኛው ለግቢ ቤት የሚሆን ገንዘብ የሌለው ሰው ነው። ፋብሪካና የቆሻሻ ማቃጠያ በተኮነኑበት ፍርድ ውስጥ የድሀውም ቤት አብሮ ተኮነነ። ዌስተንሄቨር ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር። የተለዩት ሦስት ዳኞች ምክንያታቸውን አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም፤ ስለዚህ የዌስተንሄቨር ጥያቄ ዋሽንግተን ላይ ተከራካሪ አላገኘም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1928፣ ያው ሰዘርላንድ ከማሳቹሴትስ ካምብሪጅ ከተማ ለመጣ ባለመሬት ፈረደ። የቀጠና ደንብ በጥቅሉ ሕጋዊ ቢሆንም፣ በአንድ መሬት ላይ ያለ በቂ ምክንያት ከተጫነ ይሻራል አለ። ነጋዴው በሩ ጨርሶ አልተዘጋበትም ማለት ነው። ፍርድ ቤቶቹ ግን ከዚያ በኋላ በብዛት ነገሩን ለየከተማው ምክር ቤት ተዉት። አገሪቱም በየከተማው ካርታዋን ቀባች። የዚህ ዓይነቱ አከላለል እስከ ዛሬ በባለሙያዎች ዘንድ በዩክሊድ መንደር ስም ይጠራል። ከትልልቆቹ ከተሞች የቀጠና ደንብ ሳታወጣ የቀረችው ሂውስተን ናት፤ እዚያም ቢሆን በየሰፈሩ የመሬት ውል ላይ የሚጻፉ ክልከላዎች ብዙውን ሥራ ይሠራሉ።

አፓርታማ ላይ የተነገረው ነገር መዘዙ ረጅም ሆነ። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ለመኖሪያ ከተከለለው መሬት አብዛኛው ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ተፈቅዶ ኖረ። ቤት ተወደደ። የሚኒያፖሊስ ምክር ቤት በ2018 መጨረሻ ያንን ክልከላ የሚያነሣ ፕላን አጸደቀ፤ ኦሪገንም በ2019 በግዛት ደረጃ ሕግ አወጣች። ለማረም የተጀመረው ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

68ቱ ኤከርስ? መንደሯ አሸነፈች እንጂ መሬቱ መኖሪያ ሰፈር አልሆነም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን ክፍሎች ፋብሪካ ተሠራበት፤ ከጦርነቱ በኋላ ጄኔራል ሞተርስ ያዘውና እስከ 1990ዎቹ የመኪና ሥራ ሠራበት። አምብለር የጠበቀው ነገር መጣ፤ የመጣው ግን አገር ሲፈልገው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ዳላስ ወይም ሚኒሶታ ሆናችሁ፣ የገዛሁትን ቤት እንጀራ መጋገሪያ ላድርገው፣ ጥጉ ላይ ያለውን መኖሪያ ወደ ምግብ ቤት ልለውጠው የምትሉ ብዙ ናችሁ። አሠራሩ ከከተማ ከተማ ቢለያይም መንገዱ ይመሳሰላል። ማመልከቻ ይገባል፤ ቦታው ላይ ማስታወቂያ ይተከላል፤ ለጎረቤት ደብዳቤ ይሄዳል፤ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ይጠራል፤ የፕላን ኮሚሽኑ ሐሳብ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጣል። እዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ጎረቤት ተነሥቶ ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ሽታ፣ ስለ ማታ ጫጫታ ይጠይቃችኋል። ጥያቄውን እንደ ጠላትነት አትዩት፤ ስንት መኪና እንደሚመጣ፣ ጭስ ማውጫው ወዴት እንደሚዞር፣ በስንት ሰዓት እንደምትዘጉ የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ግቡ።

ከዚያም በፊት፣ ገንዘባችሁን ሳታስሩ፣ ቤቱን ሳትገዙ፣ የቀጠናውን ካርታ ከከተማው ቢሮ ጠይቃችሁ እዩ። አምብለር ሲገዛ ደንቡ ገና አልወጣም ነበር፤ እናንተ ግን ካርታው ፊታችሁ አለ። ማመልከቻውንም ከማስገባታችሁ በፊት ግራና ቀኝ ያለውን ጎረቤት በር አንኳኩና አነጋግሩ። ጎረቤት ሆናችሁ ማስታወቂያው ከአጠገባችሁ ከተተከለም፣ ቀኑን ጻፉና ስብሰባው ላይ ተገኙ፤ የምትደግፉም ብትሆኑ ሄዳችሁ ተናገሩ።