የትምህርት ቤት ቦርዶች በሰሜን ተራሮች ግርጌ፦ አደረጃጀታቸው፣ የገቢ ምንጫቸውና ጥያቄ የሚያቀርቡበት መንገድ

ዳባት ከጎንደር ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የወረዳ ከተማ ናት። የወረዳው ሕዝብ አብዛኛው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚያመርት የደጋ አርሶ አደር ሲሆን፣ ልጆቹን የሚያስተምረውም በየገጠር ቀበሌው በሚገኙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። እነዚህን ትምህርት ቤቶች ከርእሰ መምህራን ጋር በመሆን የሚያስተዳድሩት፣ ሀብት የሚያሰባስቡላቸውና ለጎደላቸው ነገር የበላይ አካልን የሚጠይቁት የትምህርት ቦርዶችና የወላጆች ኅብረቶች ናቸው።

የሕግ መሠረት

ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤት አስተዳደር እንዲሳተፍ የሚያደርግ አሠራር በደርግ ዘመንም ነበር። የትምህርት ቤቶችን አስተዳደር ለማጠናከር የወጣው አዋጅ ቁጥር 260/1976 ለዚህ ይጠቀሳል። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የትምህርት ተቋማት በውስጥ አስተዳደራቸው ነጻ ሆነው፣ ከኅብረተሰቡ፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች በተውጣጡ ቦርዶች ወይም ኮሚቴዎች እንዲመሩ አቅጣጫ አስቀምጧል። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 በበኩሉ፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል።

ዝርዝር አሠራሩን ያስቀመጠው ግን ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም ያወጣውና በሽፋኑ ቀለም ምክንያት «ሰማያዊው መጽሐፍ» እየተባለ የሚጠራው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ነው። ፖሊሲው በ2015 ዓ.ም በአዲስ ቢተካም፣ ቦርዶቹና ኅብረቶቹ በየትምህርት ቤቱ ሥር የሰደዱት በዚህ መመሪያ መሠረት ነው።

ሦስቱ እርከኖች

በወረዳ ደረጃ የሚቋቋመው የወረዳ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ በወረዳው አስተዳዳሪ ሰብሳቢነት የሚመራ ሲሆን፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በጸሐፊነት ያገለግላል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ነው። ይህንንም የቀበሌው ሊቀ መንበር ሲመራው፣ ርእሰ መምህሩ፣ የወላጆች፣ የመምህራን፣ የሴቶችና የወጣቶች ተወካዮች በአባልነት ይገኙበታል። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ደግሞ በጉባኤ የሚመረጠው የወላጅ መምህራን ኅብረት ይገኛል። ኅብረቱ ከጊዜ በኋላ የተማሪ ተወካዮችንም በማካተቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ወይም በምሕጻር ወተመህ ተብሏል።

የኅብረቱ አባላት ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ። ለትምህርት የደረሱ ልጆች እንዲመዘገቡ ይቀሰቅሳሉ፤ ያቋረጡትን ቤት ለቤት እየዞሩ ይመልሳሉ፤ የትምህርት ቤቱን ዕቅድና ወጪ ይከታተላሉ፤ የሥነ ምግባር ጉድለቶችን ይመረምራሉ። ያለዕድሜ ጋብቻ በስፋት ይፈጸምባቸው በነበሩት የአማራ ክልል ገጠሮች፣ ልትዳር ስለ ተዘጋጀች ተማሪ ቀድሞ ሰምቶ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅም የኅብረቱ ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

የገቢ ምንጮች

የመጀመሪያው የገቢ ምንጭ የመንግሥት በጀት ነው። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በቀመር ተሰልቶ ወደ ወረዳዎች የሚተላለፍ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ይህ አሠራር የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ሆኖም የወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ስለሚውል ለመጽሐፍ፣ ለዴስክና ለጥገና የሚተርፈው አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው የትምህርት ቤት ድጎማ ነው። ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በተከታታይ ምዕራፎች በተካሄደውና የዓለም ባንክን ጨምሮ የልማት አጋሮች በደገፉት የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በተማሪ ቁጥርና በክፍል ደረጃ የተሰላ ገንዘብ ለትምህርት ቤቶች ሲሰጥ ቆይቷል። ድጎማው ለደመወዝ የማይውል ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ራሱን ገምግሞ ባወጣው የመሻሻል ዕቅድ መሠረት ወጪ ይደረጋል።

ሦስተኛው የውስጥ ገቢ ነው። የገጠር ትምህርት ቤቶች በግቢያቸው ያለውን ሣርና ባሕር ዛፍ በመሸጥ፣ ቀበሌው የሰጣቸውን የእርሻ ማሳ በማሳረስ ገቢ ያገኛሉ።

አራተኛውና በተራራማው አካባቢ ከፍተኛ ቦታ ያለው የኅብረተሰቡ መዋጮ ነው። ነዋሪው ድንጋይና አሸዋ ያጓጉዛል፤ እንጨት ይቆርጣል፤ ጭቃ ያቦካል፤ እህል ከተሰበሰበ በኋላም ገንዘብ ያዋጣል። ቆርቆሮውንና ምስማሩን መንግሥት ወይም ሌላ ድርጅት ሲሸፍን አንድ የመማሪያ ክፍል ይቆማል። በ1984 ዓ.ም የተመሠረተው የአማራ ልማት ማኅበርም ከአባላቱ በሚሰበስበው መዋጮ በክልሉ ትምህርት ቤቶችን ሲገነባ ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም በትምህርት ሚኒስቴር የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም በዚሁ የሕዝብ መዋጮ ላይ የተመሠረተ ነው።

መዋጮው በመርሕ ደረጃ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ የቀበሌው ሊቀ መንበር በሚመራው ቦርድ፣ በስብሰባ ፊት የተወሰነን መዋጮ አንድ ድሃ አባወራ «አልችልም» ለማለት ይቸገራል። በመሆኑም ኅብረቱ አቅም የሌላቸውን ቤተሰቦች በጉልበት እንዲሳተፉ ማድረጉ ወይም ከነጭራሹ ነጻ ማውጣቱ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ገበታ ላይ መቆየታቸውን የሚወስን ጉዳይ ይሆናል።

ጥያቄው የሚሄድበት መንገድ

አንድ ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍል ወይም መምህር ሲያስፈልገው፣ ኅብረቱ ጥያቄውን ለቀበሌው ቦርድ ያቀርባል። ከዚያም በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ቦርድ በኩል አልፎ ለወረዳው ካቢኔ፣ በመጨረሻም በጀት ለሚያጸድቀው የወረዳ ምክር ቤት ይደርሳል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በዕቅድ ውስጥ ያልገባ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይጠብቃል።

በሌሎች አገሮች የተለየ አሠራር አለ። በአሜሪካ በአብዛኛው በሕዝብ የሚመረጡ የትምህርት ቦርዶች በየግዛቱ የራሳቸው ማኅበር ሲኖራቸው፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ በ1895 በፔንሲልቫኒያ፣ ብሔራዊው ደግሞ እ.ኤ.አ በ1940 ተመሥርቷል። ማኅበራቱ ከአባል ቦርዶች ዓመታዊ መዋጮና ከሥልጠና አገልግሎት በሚያገኙት ገቢ ባለሙያ ቀጥረው፣ በግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ስለ በጀትና ስለ ሕግ ይከራከራሉ። ብሔራዊው ማኅበር እ.ኤ.አ በ2021 ለፌዴራሉ መንግሥት በጻፈው ደብዳቤ ቅር የተሰኙ በርካታ የግዛት ማኅበራት ከአባልነት መውጣታቸው፣ መዋጮ ከፋዩ አባል ማኅበሩን የሚቆጣጠርበትን አቅም አሳይቷል።

ሰማያዊው መጽሐፍ የዘረጋው አደረጃጀት ከወረዳ በላይ የሚዘልቅ፣ የራሱ ጽሕፈት ቤትና የአባልነት መዋጮ ያለው የቦርዶች ማኅበር አላቋቋመም። በዘርፉ ከትምህርት ቤት እስከ ፌዴራል ድረስ የተዘረጋና ከአባላቱ ደመወዝ በሚቆረጥ መዋጮ የሚተዳደር አደረጃጀት ያላቸው በመምህራን ማኅበር የታቀፉት መምህራን ናቸው። በወረዳ ደረጃ ጥያቄውን የሚቀበለው ቦርድ ሰብሳቢና የወረዳውን በጀት ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው አስተዳደር መሪ አንድ ሰው ነው። ይህም ውሳኔ በተገኘ ጊዜ አፈጻጸሙን ያፋጥናል፤ በጀት በተከለከለ ጊዜ ግን ቦርዱ በገዛ ሰብሳቢው ላይ ግፊት ማድረግ ይሳነዋል። ነጻ ሆኖ ሊጠይቅ የሚችለው በወላጆች የተመረጠው የትምህርት ቤቱ ኅብረት ነው።

ከጉዳቱ በኋላ

በ2013 ዓ.ም ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ቀበሌ በርካታ ሲቪሎች ተገድለዋል፤ በአካባቢው ትምህርት ቤቶችም ተፈናቃዮች ተጠልለው ነበር። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በእንዲህ ያለ ወቅት ሕንፃውንና ንብረቱን የሚጠብቀው፣ ልጆችን መልሶ የሚያስመዘግበውና ከወላጆች ጋር የሚመክረው ቅርብ ያለው ኅብረት ነው።

ኅብረቱ ይህን ኃላፊነት የሚወጣው ወላጆች ሲያምኑበት ነው። እምነቱም የሚገነባው የተሰበሰበው ገንዘብና የዋለበት ሥራ በማስታወቂያ ሰሌዳ ሲለጠፍ፣ ሪፖርቱ ለወላጆች ጉባኤ ሲቀርብና መዋጮው የድሃውን አቅም ያገናዘበ ሲሆን እንደሆነ ከአሠራሩ መረዳት ይቻላል።