ስሙን ለውጦ የሄደው ብራውዘር

እንግዲህ ስሙኝ፣ ወገኖቼ። ክረምት ነው፤ እንጦጦ ጉም ለብሷል፤ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ከባሕር ዛፉ መሀል ወጥተው ወገባቸውን አጉብጠው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ይወርዳሉ፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ከመንገዱ ዳር ካለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤትም አንድ አባት ይወጣሉ፤ ማመልከቻቸውን አስተይበዋል፤ ፍሎፒዋን በፌስታል ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ከተዋል። ከዚያም ታክሲ ይሳፈራሉ፤ ቀበናን ይሻገራሉ፤ አራት ኪሎ ይወርዱና ሌላ ጽሕፈት ቤት ገብተው፣ «ልጄ፣ አንዲት መስመር አስተካክይልኝና አትሚልኝ» ይላሉ። ልጅቷ ፋይሉን ትከፍተዋለች፤ ማመልከቻው ግን የለም፤ የላቲን ፊደልና የማይታወቅ ምልክት ገጹን ሞልቶታል። «አባባ፣ በእኛ ኮምፒውተር አይነበብም፤ የተጻፈበት ቦታ ይመለሱ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ቃል ሳይመልሱ ፌስታሉን እንደገና ይጠቀልላሉ፤ ከዚያም ወደ ዝናቡ ይወጣሉ።

በ1990ዎቹ አዲስ አበባ የነበራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ።) የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ብዙ ነበር፤ ፓወር ግዕዝ ነበረ፤ ቪዥዋል ግዕዝ ነበረ፤ አጋፋሪም ነበረ፤ ሌሎችም ነበሩ፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። ያኔ በየጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ አንድ ወሬ ነበር፦ «ሠሪዎቹ ሆን ብለው ነው፤ ደንበኛ እንዳይሸሻቸው ነው።»

እኔ ይህን ክስ እንዲሁ አልቀበለውም። የዚያን ጊዜው ኮምፒውተር ለአንድ ፎንት የሚሰጠው ቦታ 256 ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ ከፊሉ አስቀድሞ የተያዘ ነው። ፊደላችን ደግሞ ከነዝርያው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን በራሱ ዘዴ አጣቦም ከፋፍሎም አሰፈረው፤ አንዱ አንድ ፊደል ባኖረበት ቁጥር ላይ ሌላው ሌላ ፊደል አኖረ። እነዚያ ሰዎች ፊደላችንን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡ ናቸውና ክብር ይገባቸዋል። በኋላ በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የየራሳቸው ቋሚ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ከዚያም በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ የአባባም ችግር ቀስ በቀስ እየቀለለ ሄደ። የጋራ ቁጥር ሲገኝ የሚጠፋ ችግር ሁሉ የክፋት ሥራ ነው ማለት አይቻልም።

ነገር ግን፣ ወገኖቼ፣ ክፋትም አለ። እንዴት እንደተያዘ ልንገራችሁ።

ኦስሎ ውስጥ ኦፔራ የሚባል ብራውዘር የሚሠራ ኩባንያ ነበር። በ2003 መጀመሪያ ተጠቃሚዎቹ የማይክሮሶፍትን ኤምኤስኤን ገጽ ሲከፍቱ ጽሑፉ ወደ ግራ ተገፍቶ ያገኙታል። ተጠቃሚው ምን ይላል? «ይህ ኦፔራ የሚሉት ነገር አይረባም» ይላል። የኦፔራ ሰዎች ግን አልጮኹም፤ ቁጭ ብለው ሰርቨሩ ለማን ምን እንደሚልክ መረመሩ፤ ከዚያም ለኦፔራ የሚላከው የገጽ አቀማመጥ መመሪያ ለሌሎች ከሚላከው የተለየ መሆኑን፣ ውስጡም ጽሑፉን 30 ፒክስል ወደ ግራ የሚገፋ ትእዛዝ መኖሩን አዩ። ይህም አልበቃቸውም። ብራውዘር ገጽ ሲጠይቅ መጀመሪያ ስሙን ይናገራልና፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተው ስሙን ብቻ ለወጡት፤ «ኦፔራ» የነበረውን «ኦፕራ» አሉት። ያው ብራውዘር፣ ያው ገጽ፤ ደጃፉ ላይ ሌላ ስም ያለው እንግዳ ሆኖ ቆመ። ገጹም ደህና ሆኖ መጣ።

ከዚያ በፊትም የባሰ ነበር። በ1991 መጨረሻ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 3.1ን ለሙከራ ሲበትን፣ ከሥሩ ያለው ዶስ የሚባለው መሠረታዊ ሥርዓት የራሱ መሆኑን የሚፈትሽ የተቆለፈና የተሸሸገ ኮድ ውስጡ ነበረ፤ ተፎካካሪውን ዲአር ዶስ ሲያገኝ የስህተት መልእክት ያወጣል። ጄፍ ቻፔል የሚባል ፕሮግራመር በ1992 ደረሰበት፤ አንድሩ ሹልማን የሚባል ጸሐፊ ደግሞ በ1993 ዶክተር ዶብስ ጆርናል በሚባለው የፕሮግራመሮች መጽሔት ላይ ፈትቶ ጻፈው። ለገበያ በቀረበው ዊንዶውስ ላይ መልእክቱ አይወጣም፤ ኮዱ ግን ተኝቶ እዚያው ነበር። ዲአር ዶስን የገዛው ካልዴራ የሚባል ኩባንያ በ1996 ማይክሮሶፍትን ከሰሰ፤ በክርክሩም የማይክሮሶፍት አለቆች የተጻጻፉት ወጣ፤ ሐሳቡ ተጠቃሚው ልቡ እንዲሸበር፣ ችግር ሲገጥመው ዲአር ዶስን እንዲጠረጥርና ሄዶ የማይክሮሶፍትን ኤምኤስ ዶስ እንዲገዛ ነበር። በ2000 ታረቁ፤ የተከፈለውም 280 ሚሊዮን ዶላር እንደነበረ ከዓመታት በኋላ ታወቀ። እኔን የሚያንገበግበኝ ገንዘቡ አይደለም፤ የዋሁ ሰው በገዛ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ የሌለ ጥፋት እንዳለ እንዲያምን መደረጉ ነው።

ዛሬ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ታክሲ ተራ ቆማችሁ ስልክ የምትነካኩ ልጆቼ፣ እናንተም «ሆን ብለው ነው» ስትሉ እሰማለሁ። ከ2022 ወዲህ ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራ ጀምሯል፤ ሁለት ሲም ያለውም ብዙ ነው። አንድ መተግበሪያ እምቢ ሲላችሁ እናንተም እንደ ኦፔራ ሰዎች አድርጉ፤ ያንኑ ስልክ ይዛችሁ፣ እዚያው ቦታ ቆማችሁ፣ በዚያው ሰዓት ሲሙን ብቻ ለውጡ፤ ከዚያም መልሱት፤ ከዚያም ደግሙት። አሁንም አትፍረዱ፤ ምናልባት የዚያ ሰፈር አንቴና ደካማ ይሆናል፤ ስለዚህ በዚያው ሲም ሌላ መተግበሪያ ክፈቱ። ሁሉም የሚንቀረፈፍ ከሆነ ነገሩ የኔትወርክ ነው። ሌላው ሁሉ እየሠራ የተፎካካሪው ኩባንያ መተግበሪያ ብቻ ደጋግሞ ከቆመ ግን የስልኩን ገጽ ከነሰዓቱ ፎቶ አንሡ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የለወጣችሁትን ያን አንድ ነገር ጻፉ፤ መጀመሪያ ኩባንያውን ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (ይህ ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው) ለተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ወረቀታችሁን ይዛችሁ አመልክቱ።