የክር ማጨጃ አፈጣጠርና እድሳቱ

ሣር የሚያጭድ የብረት ስለት አረሙን ከግንድ ቅርፊት ለይቶ የማይመታ ስለ ሆነ፣ በዛፍ ሥር የበቀለውን ሣር በማጨጃ መኪና ለማስተካከል የሚደክም አትክልተኛ ዛፉን ማቍሰሉ የማይቀር ነበር፤ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ በሂውስተን ከተማ ይኖር የነበረውን ጆርጅ ባላስንም ያሳሰበው በዐፀዱ የተተከሉት ዛፎች ነገር ነው። ባላስ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1925 በሉዊዚያና ከግሪክ ስደተኞች የተወለደ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ፣ ከዚያም በሂውስተን ታላቅ የዳንስ ማስተማሪያ ቤት ያቋቋመ ሰው ነበረ።

በ1971 መኪናውን በማሽን ሲያሳጥብ፣ የሚሽከረከሩት የናይሎን ብሩሾች ቀለሙን ሳይፍቁ እድፉን ብቻ ሲያስለቅቁ አስተውሎ፣ ከቤቱ ሲደርስ የፈንዲሻ ቆርቆሮ በስቶ፣ በቀዳዳዎቹ የዓሣ ማጥመጃ ክር አሳልፎ፣ የሣር ጠርዝ ከሚከረክም መሣሪያ ሞተር ጋር አጋጠመው። ያ ክር ሲንጠለጠል ልፍስፍስ ሲሆን፣ ሞተሩ ሲዞር ግን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ወጥሮ ስለት ያደርገዋል፤ ለምለሙን ሣር ይቀላል፣ ከግንድ ሲደርስም ይታጠፋል። ዋላስ ካሮዘርስ በ1935 በዱፖንት ቤተ ሙከራ ናይሎንን ባያስገኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተቻለ ነበር። ሐሳቡን ያቀረበላቸው ኩባንያዎች ስላልተቀበሉት ባላስ ራሱ አሠርቶ ሸጠው፤ በ1977ም ድርጅቱን ለኤመርሰን ኤሌክትሪክ አስተላለፈ።

እኔ ግን ከንግዱ ዝና ይልቅ ልዩ ትኵረት የሚገባው የመሣሪያው ባሕርይ ነው እላለሁ፤ የተመሠረተው በሚያልቅ ነገር ላይ ነውና። የብረት ስለት ቢደነዝዝ ይሳላል፤ ክር ግን ድንጋይና ሲሚንቶ በነካ ቍጥር እየተቀነጠሰ ስለሚያጥር፣ የገዛው ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ክሩ የሚጠቀለልበትን የመሣሪያውን ራስ ፈትቶ ክር መጠቅለልን በግድ ተማረ፤ በዚህም ምክንያት ጥበበ እድ ከሠሪው ቤት ወጥቶ ወደ ባለቤቱ ዐፀድ ገባ። በኋላ የመጣው፣ መሬት ሲነካ ክር የሚለቀው ራስ ይህን ድካም ቢያቃልልም ሌላ አመጣ፤ ጉብታው መሬት በተመታ ጊዜ ውስጡ ያለው ሞላ ተጨቍኖ ማጠንጠኛውን ይለቀዋል፣ የተረፈውን ክር በመከለያው ላይ የተሰካው ምላጭ ይቈርጠዋል፤ ነገር ግን ፕላስቲኩ ከምድር ጋር ሲታገል ውሎ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ሞላውም ይጠፋል።

የተጐዳውን ራስ በራሱ እጅ የሚለውጥ ሰው አስቀድሞ፣ ሞተሩ በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ፣ የካንዴላውን ገመድ ይነቅላል፣ ከመሣሪያው ራስ በላይ ባለው ቀዳዳ ካቻቪቴ ሰክቶ ዘንጉን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎች ባልተማሩት ነገር ይሰናከላሉ። የመሣሪያውን ራስ በሥራ ላይ ሳለ የሣሩ ትግል እንዳያላላው በብዙዎቹ መሣሪያዎች የዘንጉ ጥርስ በግራ የተቀረጸ ስለ ሆነ፣ እንደ ተራ ቡሎን ወደ ግራ የሚታገለው ሰው ይባስ ያጠብቀዋል፤ የሚፈታው የሰዓት እጅ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው።