ፒያሳን የሠሯትና ፒያሳን የያዟት

"ፒያሳ ላይ ቤት ቢኖረኝ!" ያላለ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ቤቱ ይጥበብ፣ ጣሪያው ያፍስስ፣ ሽንት ቤቱ ለስምንት አባወራ የጋራ ይሁን፣ ግድ የለም። ምኞቱ ከሀገር ፍቅር ቴአትር ወጥቶ፣ ቶሞካ ቆሞ ማኪያቶውን ጠጥቶ፣ ታክሲ ሳይጋፋ በእግሩ ቤቱ የሚገባ ሰው መሆን ነው።

እስቲ ግን አንድ ነገር እንጠያየቅ። ፒያሳ ላይ ቤት ገዝቶ የገባ ሰው ስንት እናውቃለን? ከአያቱ የወረሰ እናውቃለን። ቀበሌ መርቶት የገባ ሞልቷል። በደባልነት ተጠግቶ ልጅ ያሳደገም አናጣም። በገንዘቡ ገዝቶ፣ ካርታ በስሙ አሠርቶ የገባ ግን ብርቅ ነው። ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳን ፒያሳ ያደረጓት ሰዎችና የፒያሳ መሬት በእጃቸው የነበረ ሰዎች አንድ ሆነው አያውቁም። የሰፈሩን ታሪክ በዚህ በኩል ካላየነው፣ በ2016 ዓ.ም. የሆነውን ለመረዳት እንቸገራለን።

ከድንኳን እስከ ካርታ

"ሰፈር" የሚለው ቃል ራሱ የጦር ሰፈር ነው። ምኒልክና ጣይቱ ፍልውሃ ወርደው ከተማውን ሲቆረቁሩ፣ ለየመኳንንቱ ጉብታ ጉብታውን አደሉ። ራሱ ወይም ደጃዝማቹ ከላይ ድንኳኑን ይተክላል፣ ከሥሩ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ጣዩ ጎጆውን ይቀልሳል። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንለው ሁሉ የዚያ ድልድል ቅሪት ነው። ስሙ የባለመሬቱ ነው፤ ነዋሪው ግን ሌላ ነው። ፀባችን ገና ከስም አወጣጡ ጀመረ ማለት ነው።

ቤተ መንግሥቱ ከኮረብታው ላይ፣ ገበያው ደግሞ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ሆነ። ያ ገበያ አራዳ ነበር። "አራዳ" ብለን ብልጥና ዘመናዊ ሰው የምንጠራበት ቃል ከዚህ ገበያ መውጣቱ ብዙ ይናገራል፤ ብልጠት የሚማሩት ሰውና ሸቀጥ በሚጋፋበት ቦታ ነው። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱ ሱቁን የከፈተው እዚሁ ነው። ጣይቱ ሆቴልም ወደ 1900 ዓ.ም. ግድም እዚሁ ተሠራ። በዚያው ሰሞን የወጣው የመሬት ደንብ ደግሞ መሬትን መግዛትና መሸጥ የሚቻል ነገር አደረገው። ከዚያ በኋላ ካርታ የሚባል ወረቀት ተወለደ፣ ከካርታው ጋርም የከተማ ባላባትና ጭሰኛ።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ሰፈሩን በቀለም ሊከፍል ሞከረ። ገበያውን ወደ ምዕራብ አውጥቶ ለ"ነባር ተወላጆች" ብሎ ከለለው፤ መርካቶ የተባለው ያ ነው። አሮጌውን አራዳ ለራሱ አስቀርቶ በአደባባይ ስም ፒያሳ አለው። አምስት ዓመት ገዝቶ ሄደ፤ ስሙ ግን ቀረ። ከአርበኛው ልጅ ጀምሮ ሁላችንም ዛሬም በጣሊያንኛ "አደባባይ እንገናኝ" እንባባላለን። አበሻ የወራሪን ስም ወስዶ የራሱ ማድረግ ይችልበታል።

ማታ የሚነቃ ሰፈር

ታዲያ ፒያሳን "የጥበብ ሰፈር" ያደረጋት ምንድን ነው? የሕንፃው ውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝብ ለመቀስቀስ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር በኋላ ቴአትር ቤት ሆኖ አዝማሪውን ከጠጅ ቤት ወደ መድረክ አወጣው። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ "አርባ ልጆች" ተብለው፣ በከተማዋ የነሐስ ሙዚቃ ተጫውተዋል። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በኋላ የዘመናዊ ሙዚቃ ባንዶቻችንን አሠለጠኑ። እነዚህ ስደተኞች የሰፈሩ መሬት ባለቤቶች አልነበሩም፤ የሰፈሩ ድምፅ ግን እነሱ ናቸው።

ከዚያ ውቤ በረሃ መጣች። ደጃች ውቤ ሰፈር ከ1940ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ማታ ማታ የምትነቃ ሰፈር ነበረች። ተማሪው፣ ሹመኛው፣ ጋዜጠኛው፣ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኛው ሁሉ በየመጠጥ ቤቷ ይገናኛል። ስለ ውቤ በረሃ ሲወራ ወጪ ወራጁ ይነሳል፣ ጠጪው ይነሳል፤ ቤቱን የያዙት ሴቶች ግን እምብዛም አይነሱም። ብዙዎቹ ከገጠር ከትዳር ወይም ከችግር ሸሽተው የመጡ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ጠላና ጠጅ ሸጠው ያደሩ ናቸው። ሰፈሩን "ሕያው" ያደረጉት እነሱ ሲሆኑ፣ የወር ኪራዩን የሚሰበስበው ሌላ ነበር። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ የግል መሬት በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ተከማችቶ፣ አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነበር። "መሬት ላራሹ" የሚለው መፈክር ከተማ ሲደርስ "ቤት ለተከራዩ" ተብሎ የተሰማው ለዚህ ነው።

ሐምሌ 19

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ የተረፈው "ትርፍ ቤት" ተብሎ ተወረሰ። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ዝቅተኛ ኪራዮች እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሱ።

በአንድ ሌሊት ባለርስቱ ተራ ዜጋ፣ ተከራዩም የመንግሥት ተከራይ ሆነ። ለብዙ ደሃ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን ክዶ የፒያሳን ታሪክ መጻፍ አይቻልም። ጎዳና ላይ ሊጥለው የሚችል ባለቤት ከፊቱ ተነሳ። ነገር ግን ያው አዋጅ ሌላ መዘዝም ነበረው። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ቀረ፤ ወር ጠብቆ ከአሥር ብር በታች የሚከፈልባቸው የቀበሌ ቤቶች እስከ ቅርብ ጊዜ ነበሩ። በዚህ ብር ቀበሌ ጣሪያ አያድስም። ተከራዩም ያለ ፈቃድ ግድግዳ አይነካም፤ ቢነካም የራሱ ያልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለምን ያፈሳል? የጭቃው ቤት እያዘመመ፣ ቆርቆሮው እየዛገ፣ ልጅ ልጅ እየወለደ፣ አንዱ ክፍል በመጋረጃ ለሁለት እየተከፈለ ለደባል ተሰጠ። የደርግ ሰዓት እላፊ ደግሞ የውቤ በረሃን ሌሊት ገደለው።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምፀት አለ። ፒያሳን ያረጃት ርካሽ ኪራይ፣ ፒያሳን የጥበብ ሰፈር አድርጎ ያቆያትም እሱ ነው። ደሞዙ ትንሽ የሆነ ተዋናይ፣ ሙዚቀኛ ወይም መምህር ከመሀል ከተማ ሳይወጣ መኖር የቻለው ገበያው ስላልደረሰበት ነው። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ ጃዛምባ ተከፍቶ፣ ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት እስኪወድም ድረስ የቆየ ሙዚቃና አዲስ ታዳሚ ያገናኘው በዚህ አፈር ላይ ነው።

የሌላው ዓለም ልጅ ምን ሆነ?

ለማነፃፀር ወደ ኒውዮርክ እንሻገር። ሶሆ የሚባለው የማንሃተን ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ነበር። ፋብሪካው ሲዳከም ሠዓሊዎች ሰፋፊ ፎቆቹን በርካሽ ተከራይተው፣ ሕጉ ለመኖሪያ ባይፈቅድም ገቡበት። ሰፈሩን አቋርጦ ሊያልፍ የነበረው የሮበርት ሞሰስ ፈጣን መንገድ በነዋሪ ተቃውሞ ብዛት እ.ኤ.አ. በ1969 ተሰረዘ። ጆርጅ ማቹናስ የሚባል አርቲስት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ፣ በዉስተር ጎዳና ቁጥር 80 ካለው ሕንፃ አንስቶ፣ አርቲስቶችን እያሰባሰበ ሕንፃ በኅብረት ይገዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ከተማው ለተመሰከረላቸው አርቲስቶች መኖሪያነቱን ፈቀደ። በ1973 ሰፈሩ በቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1982 ደግሞ በመጋዘን ቤቶች ለሚኖሩ ተከራዮች ከለላ የሚሰጥ ሕግ ወጣ።

ሕንፃዎቹ ተረፉ። አርቲስቶቹስ? ጋለሪው ሀብታሙን ጠራ፣ ሀብታሙ ቡቲኩን ጠራ፣ ቡቲኩ ዋጋውን ሰማይ ሰቀለው። ቀድመው በኅብረት የገዙት ባለሀብት ሆኑ፣ ወጣቱ ሠዓሊ ግን ወደ ብሩክሊን ተሰደደ። ሶሆን ሕንፃውን አትርፎ ሰዉን ያስወጣው ገበያው ነው። እኛ ዘንድ ገበያው ለአርባ ዓመት ታግዶ፣ ሰዉ ተርፎ ሕንፃው ወደቀ።

ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። ሶሆ ውስጥ ቢያንስ ከሠሪዎቹ ጥቂቱ ባለቤት ለመሆን በቅተዋል። የሰፈሩ ዋጋ ሲጨምር፣ ዋጋውን ከፈጠሩት ሰዎች ለተወሰኑት ደርሷቸዋል።

የካቲት 2016 ዓ.ም.

ከደርግ ውድቀት በኋላ በር ተከፍቶ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1980 የመንግሥት ቤቶችን ለተከራዮቻቸው በቅናሽ የመሸጥ ሕግ አውጥታለች፤ በርካታ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮችም ሶሻሊዝም ሲፈርስ እንዲያ አደረጉ። እኛ ሌላ መንገድ ያዝን። የ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ መጣ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት ሰጠ። የቀበሌ ቤት ግን የቀበሌ ሆኖ ቀረ። "ቤት ልግዛ" ያለ ወጣት በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ ጠበቀ፤ ዕጣው ቢወጣም የሚወጣው ከከተማው ዳር ነው።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ፈረሳ ዙሪያውን ያዘ። መንግሥት ሰፈሩ ያረጀ፣ ፍሳሽ የሌለው፣ ለሰው መኖሪያ የማይመጥን ነው አለ፤ ብዙ ቤቶችን በተመለከተ እውነት ነው። ተቺዎች ጊዜው አጠረ፣ ቅርስ ተነካ፣ ዕድርና ዕቁብ ተበተነ አሉ፤ ይህም እውነት ነው። በመሀል ግን ዋናው ጥያቄ ተዘለለ። ካርታ ያለው ካሳና ምትክ ቦታ ይጠይቃል። የቀበሌ ተከራይ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይጠብቃል። ደባሉስ? አርባ ዓመት እዚያ ቢኖርም ስሙ የሚገኘው በዕድሩ መዝገብ እንጂ በቀበሌው መዝገብ አይደለም።

እንግዲህ በ140 ዓመት ውስጥ የፒያሳ መሬት በስጦታ፣ በግዢ፣ በወረራ፣ በአዋጅና በሊዝ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት አንድም ቀን በውስጧ የሚኖረው ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አልተዋዋለም። የጥበብ ሰፈር በግንብ አይሠራም፤ ሰው ሳይባረር ረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ሲኖር፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲሰማማ የሚበቅል ነገር ነው። ካርታ የሌለው ሰው ደግሞ መቼ እንደሚነቀል አያውቅም።

አዲስ ቤት የገባ ሰው ዘንድ ስንሄድ "ቤት ለእምቦሳ" እንላለን፤ እሱም "እምቦሳ እሰሩ" ይለናል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እምቦሳ የሚታሰርበት ቦታ ባይኖርም ምርቃቱ አልተለወጠም፤ ትርጉሙ "ሥር ስደዱ፣ እርቡ፣ ቆዩ" ነውና። ፒያሳ ላይ በቀጣይ የሚሠራው ፎቅ ሲመረቅ ሪባኑን ማን እንደሚቆርጥ ሳይሆን፣ ከቀድሞ ነዋሪዎቿ ስንቱ "ቤት ለእምቦሳ" እንደሚባልለት እንቁጠር። የሰፈሩን ዕጣ የሚነግረን እሱ ቁጥር ነው።