የስደተኛው ሰው ዓሣ

አገር ቤት ሳለን ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥና አረፋ ሲደፍቅ ያላየ በመካከላችን ጥቂት ነው። የከበበው ሰው ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል፤ «ጋኔን ጣለው» ይላል፤ ደግፎ ለማንሳት ግን ይፈራል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ አጥንተው፣ ከ1000 ሰው 5ቱ ያህል የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ1990 አሳውቀዋል።

በሽታው የአንጎል የኤሌክትሪክ ሥራ መዛባት ነው። ይህን ለማጥናት ሕያው አንጎል ያስፈልጋል፤ የሰውን አንጎል ግን እንዳሻን ከፍተን አናይም። ከተገኙት መላዎች አንዷ ትንሽ ዓሣ ናት፤ ለዚህ ያበቃትም እንደኛው ስደተኛ ነው።

ጆርጅ ስትራይሲንገር እ.ኤ.አ. በ1927 ቡዳፔስት ተወለደ። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነበርና በ1930ዎቹ ናዚን ሸሽቶ ኒውዮርክ ገባ። ልጁ አድጎ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሆነ፤ የቬትናምን ጦርነትም በይፋ ተቃወመ። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት አንጎል በዘር ውርስ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ዜብራ ዓሣን መረጠ። እንደ ሜዳ አህያ ሸንተረር ያላት፣ ቁመቷ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነች፣ የሕንድ አካባቢ ወንዞች ዓሣ ናት። ፅንሷ ከእናቷ ሆድ ውጭ ያድጋል፤ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ስለሚያሳልፍም አንጎሏ ሲሠራ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ስትራይሲንገር ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ውጤቱን በ1981 አሳተመ፤ በ1984 ግን ፍሬውን ሳያይ ሞተ።

ፍሬው ኋላ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ በስኮት ባራባን የተመራ ቡድን፣ ድራቬት የተባለውን ከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ የሚመስል የዘር ጉድለት ባላቸው ዓሦች ላይ 320 መድኃኒቶችን ሞከረ። ክሌሚዞል የተባለ የቆየ የአለርጂ መድኃኒት መንቀጥቀጡን ሲገታ ተገኘ። በዚያው ዓመት፣ ከሰው ጂኖች 70 ከመቶ ያህሉ በዚህች ዓሣ ውስጥ አቻ እንዳላቸው ታወቀ። እርግጥ ዓሣን የረዳ ሁሉ ሰውን አይረዳም፤ በሰው ላይ መፈተን አለበት።

ወገኖቼ፤ አንድ ጂኗ ሲበላሽ የምትንቀጠቀጠውን ዓሣ «ጋኔን ጣላት» የሚል ማን አለ? ታዲያ በልጃችን ላይ ለምን እንላለን? በዚህች በላስ ቬጋስ ሌሊቱን በፈረቃ የሚያነጋው ብዙ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። የታመመውን አንደብቀው፤ ሐኪም ዘንድ እንውሰደው። ሲወድቅም በጎኑ እናስተኛው፤ አፉ ውስጥ ምንም አንክተት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ 911 እንደውል። ክብሪቱን ለሻማው እንተወው።