ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት፦ ራሽ ሊምቦና ማይክሮፎኑ

በጁን 1992 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የራዲዮ አቅራቢ በዋይት ሐውስ እንግዳ ሆኖ አደረ። ሻንጣውን አንሥተው እስከ መኝታ ክፍሉ ያደረሱለት ራሳቸው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ ነበሩ። ነገሩ የባለቤት ጨዋነት ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩውን ሲመርጥ ሰውዬው ለቡሽ ተቀናቃኝ ለፓት ቡካናን አድልቶ ነበር፤ የኖቬምበሩ ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የእሱን አድማጮች ማጣት አልፈለጉም።

ሰውዬው ራሽ ሊምቦ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከሰሜን ካሊፎርኒያ ውጪ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያም በፊት ከጣቢያ ጣቢያ ሲባረር የኖረ ዘፈን አጫዋች ነበር። ስለ እሱ ሲወራ አብዛኛው ሰው ከፖለቲካው ይጀምራል። ሕይወቱን ሲመረምሩት ግን ሙያው ይቀድማል፦ ሊምቦ መጀመሪያ የራዲዮ ሰው ነበር፣ ፖለቲካው በኋላ ነው የመጣው።

ጃንዋሪ 12 ቀን 1951 ሚዙሪ ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው ኬፕ ጂራርዶ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በሕግ ሙያ የታወቀ ነው። አባቱ ጠበቃ፣ አጎቱ የፌዴራል ዳኛ፣ ታናሽ ወንድሙም ጠበቃ። አያቱ መቶ ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንኳ ሙያቸውን አልተዉም፤ ዛሬ በከተማዋ የሊምቦን ስም የያዘው የፌዴራል ፍርድ ቤት የተሰየመውም ለእኚሁ አያት እንጂ ለራዲዮው ሰው አይደለም። ከዚህ ሁሉ ባለዲግሪ መካከል ራሽ ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ሴሚስተር እንደተማረ አቋርጦ ወጣ። አባቱ ክፉኛ አዘኑ። የራዲዮ ሥራን የሰው ሥራ ብለው አልቆጠሩትም። ይገርማል፣ ልጁ ገና በ16 ዓመቱ በመጀመሪያ ማይክሮፎን የጨበጠው አባትየው ድርሻ በነበራቸው በኬጂኤምኦ ጣቢያ ነው።

በ1971 ጄፍ ክሪስቲ በሚል የአየር ስም ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ማኪስፖርት በሚባል ከተማ ተቀጠረ። ተባረረ። ፒትስበርግ ሄደ፣ እዚያም ተባረረ። ካንሳስ ሲቲ ወረደ፣ እዚያም አልቀናውም። በ1979 ራዲዮ በቃኝ ብሎ ለካንሳስ ሲቲ ሮያልስ የቤዝቦል ክለብ ተቀጠረና ለቡድን ተመልካቾች ትኬት በመሸጥና ዝግጅት በማስተዋወቅ አራት ዓመት ያህል ሠራ። ሠላሳዎቹን የጀመረው በዚህ ሥራ ላይ ሆኖ ነው። በ1983 ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሰ፤ ዜና እያነበበ በመሐል የራሱን አስተያየት ጣል ማድረግ ጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተባረረ።

ዕድሉ የተከፈተው በ1984 መጨረሻ፣ በካሊፎርኒያ ዋና ከተማ በሳክራሜንቶ፣ ኬኤፍቢኬ በተባለ ጣቢያ ነው። ሞርተን ዳውኒ የተባለ አፈኛ አቅራቢ ቻይናውያንን የሚያዋርድ ቀልድ ተናግሮ ከሥራ ስለወጣ ወንበሩ ክፍት ሆኖ ነበር። በሰው ላይ በመቀለድ የሚታወቀው ሊምቦ የገባው ሌላው በቀልድ ምክንያት በለቀቀው ወንበር ነው። ጣቢያው እንደፈለገ እንዲናገር ፈቀደለት፤ በከተማዋም በአጭር ጊዜ ስሙ ገነነ።

እዚህ ላይ ስለ ገበያው ማውራት ያስፈልጋል፤ ያለ ገበያው የሊምቦ ታሪክ አይገባንምና። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ አድማጭ ሙዚቃን ጥርት አድርጎ ወደሚያሰማው ኤፍኤም ነጎደ። መካከለኛ ሞገድ ላይ የነበሩት የኤኤም ጣቢያዎች ሰፊ ስርጭትና ትልልቅ አንቴና እያላቸው አድማጭ አጡ። ሙዚቃ ካልሆነላቸው ወሬ ይቀራል፤ ወሬ ግን አቅራቢ ይፈልጋል፣ ጥሩ አቅራቢ ደግሞ ደመወዙ ውድ ነው። በ1988 ቀደም ሲል የኤቢሲ ራዲዮ ኔትወርክ ፕሬዚዳንት የነበረው ኤድ ማክላፍሊን ለዚህ መላ ይዞ መጣ። ሊምቦን ከሳክራሜንቶ ወደ ኒውዮርክ አመጣውና ፕሮግራሙን በሳተላይት ለጣቢያዎች በነፃ ማከፋፈል ጀመረ። ጣቢያው የሚከፍለው በገንዘብ ሳይሆን በአየር ሰዓት ነው፦ በየሰዓቱ ጥቂት የማስታወቂያ ደቂቃ ለማክላፍሊን ይተዋል፣ የተረፈውን ራሱ ይሸጣል። በዚያን ጊዜ የሙያው ሰዎች ቀን ቀን አድማጭ የሚፈልገው የሰፈሩን ወሬ ነው፣ አገር አቀፍ የስልክ ውይይት የሌሊት ሥራ ነው ይሉ ነበር። ማክላፍሊን ይህን አልሰማም።

ኦገስት 1 ቀን 1988 በ56 ጣቢያዎች ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ሊምቦ ለኒውዮርክ አድማጮች ለብቻ፣ ለቀረው አገር ለብቻ ያቀርብ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አድማጮቹ ሚሊዮኖች ሆኑ። በኋላ ጣቢያዎቹ ከ600 በላይ ደረሱ፤ በየሳምንቱ የሚያዳምጠው ሰው በመጨረሻዎቹ ዓመታት 15 ሚሊዮን አካባቢ ይገመት ነበር።

ለዚህ ስኬት ብዙ ጊዜ የሚነገር ሌላ ምክንያትም አለ። ከ1949 ጀምሮ የነበረው የሚዛናዊነት ደንብ ጣቢያዎች በአከራካሪ ጉዳዮች ላይ ተቃራኒውንም ሐሳብ እንዲያሰሙ ያስገድድ ነበር። በ1987 ኮንግረሱ ደንቡን ሕግ ሊያደርገው ቢሞክር ፕሬዚዳንት ሬገን ሕግ የመሻር ሥልጣናቸውን ተጠቅመው ጣሉት፤ በኦገስት የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንቡን አነሣ። በዓመቱ ሊምቦ አገር አቀፍ ሆነ። እውነት ነው፣ ደንቡ ቢኖር ኖሮ በስድስት መቶ ጣቢያ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ወገን ብቻ መናገር ከባድ ይሆን ነበር። ነገር ግን ሊምቦ ያንኑ ንግግር ደንቡ በሥራ ላይ እያለ ሳክራሜንቶ ውስጥ ሲናገር ሦስት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። በእኔ ግምት ደንቡ መነሣቱ በሩን ከፈተ እንጂ ወደ በሩ ገፍቶ ያመጣው የኤኤም ጣቢያዎች ችግርና የማክላፍሊን ስሌት ነው።

ፕሮግራሙስ ምን ይመስል ነበር? ቀትር ሲሆን የቤዝ ጊታር ድምፅ ይሰማል። የፕሪቴንደርስ ቡድን ዘፈን መግቢያ ነው፤ የዘፈኑ ደራሲ ክሪሲ ሃይንድ በፖለቲካ የእሱ ወገን ባትሆንም ክፍያው ለእንስሳት መብት ተሟጋች ድርጅት እንዲሰጥ አድርጋ ፈቀደች። ከዚያ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ፣ ጠረጴዛ ሲመታ ይሰማል። የጠዋቱን ጋዜጣ ቆራርጦ ይዞ ገብቷል፤ ያነባል፣ ያሾፋል፣ ድምፅ ያስመስላል፣ ድንገት ዝም ይላል፣ ከዚያ ይጮኻል። እንግዳ እምብዛም አይጋብዝም። ራሱን ሲያሞካሽ ችሎታው ከእግዜር በውሰት የተሰጠው መሆኑን፣ ተቃዋሚዎቹን የሚረታውም ግማሽ አንጎሉን አስሮ መሆኑን ይናገራል። ደዋዮች ገና መስመር ሲገቡ ውዳሴ ሲያበዙበት ጊዜ ስለሚፈጅ አንዱ «ከእኔ በፊት የደወለው እንዳለው» ብሎ አሳጠረው፤ ከዚያ በኋላ «ዲቶ» (በእንግሊዝኛ «እንደዚያው» እንደማለት) የአድማጮቹ ሰላምታ ሆነ። ምግብ ቤቶች በምሳ ሰዓት ራዲዮውን ከፍተው የሚያሰሙበት ክፍል ለይተው አዘጋጁ። ይህ ሁሉ የዘፈን አጫዋች ጥበብ ነው፤ በማኪስፖርትና በፒትስበርግ ያባረሩት ሰዎች ሳያውቁት አስተምረውታል።

በ1994 ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤትን አብላጫ ወንበር ያዙ። አዲሶቹ የፓርቲው ተመራጮች ሊምቦን የክብር አባላቸው አደረጉት። ከዚያ በፊት በነበረው ጁን ፕሬዚዳንት ክሊንተን በስልክ ወደ አንድ የሴንት ሉዊስ ጣቢያ ገብተው፣ እሳቸው ንግግራቸውን ሲጨርሱ ሊምቦ ሦስት ሰዓት ሙሉ የፈለገውን ይላል፣ መልስ የምሰጥበት ዕድል የለኝም ሲሉ አማረሩ። የአገር መሪ ስለ አንድ አቅራቢ በራዲዮ ስሞታ ማሰማቱ የሰውዬውን ጉልበት ይናገራል።

በዚህ ጉልበት የጎዳቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። በኤድስ ስለሞቱ ሰዎች በሙዚቃ እያጀበ ያላገጠበት ጊዜ ነበር፤ ያንን በኋላ ራሱ አቁሞ ተጸጽቷል። በ2003 በስፖርት ቴሌቪዥን ስለ ጥቁሩ ተጫዋች ዶኖቫን ማክናብ፣ መገናኛ ብዙኃን ጥቁር እንዲሳካለት ስለፈለጉ ከችሎታው በላይ አወደሱት ብሎ በቀናት ውስጥ ለቀቀ። በ2006 ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ የፓርኪንሰን ሕመሙ ሲያንቀጠቅጠው ታይቶ፣ እያስመሰለ ነው አለ። በ2012 የወሊድ መከላከያ በጤና መድን እንዲሸፈን በኮንግረስ አባላት ፊት የመሰከረች የሕግ ተማሪን ለቀናት በሚያሳፍር ስድብ ሰደበ፤ ማስታወቂያ ሰጪዎች መሸሽ ሲጀምሩ ይቅርታ ጠየቀ። አድናቂዎቹ ቀልድ ነው ይላሉ። ቀልዱ ግን ሁሌም ማይክሮፎን የሌለው ሰው ላይ ይወድቅ ነበር፤ እኔ ይቅር የማልለው ይህን ነው።

የራሱም ፈተና አልቀረለትም። በ2001 በጥቂት ወራት ውስጥ ጆሮው ደነቆረ። ሥራውን አላቆመም፤ ደዋዮች የሚሉትን ሠራተኞቹ እየጻፉ በስክሪን ያነበው ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በቀዶ ሕክምና የመስሚያ መሣሪያ ተተከለለት። ንግግር መስማት ቻለ፤ ሙዚቃን ግን ከመደንቆሩ በፊት የሚያውቀውን ካልሆነ በቀር መለየት አቃተው። በዘፈን አጫዋችነት ሥራ ለጀመረ ሰው ቀላል አይደለም። በ2003 ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ሱሰኛ መሆኑን በዚያው ማይክሮፎን ተናግሮ ሕክምና ገባ። የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎች እንዲታሰሩ ይጠይቅ የነበረው ሰው ነው። የቀረበበት ክስ በ2006 ሕክምናውን እንዲቀጥል በተደረገ ስምምነት ተዘጋ።

አድማጩ በዚህ ሁሉ አልራቀውም። በ2008 የፈረመው ውል እስከ 2016 ድረስ 400 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ ተዘግቧል። በ2009 ኦባማ ሥልጣን ሲይዙ እንዳይሳካላቸው እመኛለሁ አለ። የሪፐብሊካን ፓርቲ ሊቀመንበር ማይክል ስቲል እሱ አዝናኝ እንጂ መሪ አይደለም፣ ንግግሩም አስቀያሚ ነው ቢሉ፣ በቀናት ውስጥ ይቅርታ የጠየቁት ሊቀመንበሩ ናቸው። ፓርቲውን ማን ይመራ እንደነበር ለመገመት ከዚህ ሌላ ማስረጃ አያሻም።

በፌብሩዋሪ 2020 የሳንባ ካንሰር እንደያዘው ለአድማጮቹ ነገራቸው። ሲጋራና ሲጋር ከአፉ የማይለይ፣ የማጨስ ጉዳትም ተጋንኗል ሲል የኖረ ሰው ነበር። በማግሥቱ ምሽት ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለኮንግረሱ ንግግር ሲያደርጉ ባለቤታቸው ሜላኒያ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ኒሻን አንገቱ ላይ አሠሩለት። ግማሹ አዳራሽ ተነሥቶ አጨበጨበ፣ ግማሹ ተቀምጦ ቀረ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2021 በ70 ዓመቱ አረፈ፤ መሞቱን በራሱ ፕሮግራም ሰዓት ለአድማጭ ያረዳችው ባለቤቱ ናት።

በዚያው ዓመት ሰዓቱን ለመውረስ ፉክክር ተጀመረ። አንደኛው ኩባንያ ክሌይ ትራቪስንና ባክ ሴክስተንን በጥንድ አስቀመጠ፤ ሌላው ኩባንያ ለራሱ ጣቢያዎች ዳን ቦንጂኖን አመጣ። ሊምቦ ለ32 ዓመት ብቻውን የያዘው ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ጊዜ ለብዙ ሰው ተከፋፈለ።